የፕሉራው ግፊት ግራ አጋብቶኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ሐሙስ ፈተና አለብኝ፤ አተነፋፈስ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ።

ዲያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል። ደረት ይሰፋል፣ የሳንባ ውስጥ ግፊት ይቀንሳል፣ አየር ይገባል። እስከዚህ ገብቶኛል። የሃይላንድ ቂጡን ቆርጬ ፊኛ ወጠርኩበት፤ ውስጡ ደግሞ ሌላ ፊኛ አንጠለጠልኩ። የታችኛውን ስጎትት የውስጡ ይነፋል። እናቴ “ልጅነትሽ ተመለሰ እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ።

የከበደኝ ፕሉራ ነው፤ ሳንባን የሚሸፍነው ድርብ ስስ ሽፋን። በባሕር ጠለል የውጭው አየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ግን ትንፋሽ አውጥተን ስናበቃም 756 አካባቢ ነው። ዝቅ አድርጎ የያዘው ምንድን ነው? ሃይላንዱን በመርፌ ስበሳው ፊኛው አልነፋ አለ። ደረቱ የተወጋ ሰው ሳንባው የሚሟሽሸው በዚሁ ምክንያት ነው? በቀላል አማርኛ የሚያስረዳኝ ካለ፣ እባካችሁ።