ጥቆማ፦ ፓወር ባንክ፣ የዋይፋይ ባትሪ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ (ከአዲስ አበባ)

ሰሞኑን መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የቱን ፓወር ባንክ ልግዛ?» የአክስቴ ልጅ ትጠይቃለች፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ይጠይቃሉ፣ ባለፈው ደግሞ የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ ባትሪያቸውን ይዘው መጡ (የእጁን መብራት ማለቴ ነው፤ ያው በእኛ አገር ሁለቱም ባትሪ ነው)። ለየብቻ መመለስ ሰለቸኝና የሞከርኩትን ሁሉ እዚህ ላስቀምጥ። ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሳምንቱ ያሳፍረኛል።

በፓወር ባንክ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ፦ ትክክለኛው ባለ 20,000 ሚሊአምፔር አወር (ባትሪ የሚይዘው መጠን መለኪያ ነው) ፓወር ባንክ እንኳ 20,000 አይሰጥም። ቁጥሩ የሚቆጠረው ውስጥ ባለው ሴል (ትንሿ ባትሪ) ቮልት፣ በ3.7 ነው። በዩኤስቢ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ስለሆነ 20,000ው ወደ 14,800 ይወርዳል፤ ከዚያም ላይ በሙቀት የሚባክን አለ። እኔ የዩኤስቢ መለኪያ አለኝ፤ ቻርጀርና ገመድ መሀል የምትሰካ፣ ቮልትና አምፔር የምታሳይ ትንሽ ዕቃ። በእሷ ስለካው ጥሩ የምለው ባለ 20,000 ፓወር ባንክ 12,600 ሰጠኝ። ይሄ ጤነኛ ነው፣ ሻጩን አትጣሉት። ባለ 5,000 ስልክ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላላችኋል።

የሚያናድደው ሌላኛው ነው። አንድ ጊዜ ከመንገድ ላይ «50,000» የሚል ገዛሁ። ታክሲ ውስጥ እጄ ላይ ሳገላብጠው ቀለለኝ። ሰፈር እንደደረስኩ ባልትና ቤት ገባሁና «እትዬ፣ ይቺን ሚዛንዎ ላይ ላስቀምጣት?» አልኳቸው። የሽሮውን ላስቲክ አነሱና ሚዛኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉልኝ። 240 ግራም።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ደግሞ በኪሎ መሸጥ ጀመረ?»

ቢጀምር ነበር የሚሻለው። የሊቲየም ሴል በአንድ ኪሎ የሚይዘው ጉልበት ጣሪያ አለው፤ በገበያ ያለው ጥሩው 250 ዋት አወር አካባቢ ነው። በዚህ ሂሳብ 20,000 (በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት አወር) ለመያዝ ሴሎቹ ብቻ 300 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ 50,000 ከሆነ ከ700 ያልፋል። የኔው ከነልብሱ 240! ዋስትና ስላልነበረው ቤት ገብቼ ፈታሁት። ሁለት ክብ ሴሎች፣ ከጎናቸው ደግሞ ክብደት እንዲመስል በሙጫ የተለጠፈ ብረት። ክቦቹ 18650 የሚባሉት ናቸው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። የዚህ ዓይነት ጥሩ ሴል 3,500 አካባቢ ይይዛል፣ ስለዚህ የሁለቱ ጣሪያ 7,000 ነው። ለጋሼም የነገርኳቸው ይሄንኑ ነው፤ የእሳቸው የእጅ መብራት ሴል ላይ ግን 9,900 ተብሎ ተጽፏል።

እንግዲህ ጥቆማዬ፦ ከሱቅ ስትገዙ መለኪያ ባይኖራችሁ እንኳ ሚዛን አይጠፋም። ባለ 20,000 ሆኖ 300 ግራም የማይሞላ ከሆነ መልሱት። ከብራንድ እኔ ኦራይሞን ነው የምጠቁመው፤ በሁሉም ሰፈር ይገኛል፣ ግን ኮፒው ስለሚበዛ ዋስትና በደረሰኝ ላይ ጽፎ ከሚሰጥ ሱቅ ይሁን። አንከር ጥሩ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን በሰው እጅ ከውጭ ነው የሚመጣው። ያገለገለ አንከር ካመጡላችሁ ጀርባውን አንብቡ፦ ኤ1263 (A1263) የሚል ሞዴል ቁጥር ካለ ከዚያ ውስጥ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የሚሆነውን ኩባንያው ራሱ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ በእሳት ስጋት መልሶ ጠርቶታል። ሌላው፣ የሚመጣ ሰው በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ በሚጫን ሻንጣ ክልክል ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚታለፈው እስከ 100 ዋት አወር ነው፤ ወደ 27,000 ሚሊአምፔር አወር መሆኑ ነው። በኤሚሬትስ የሚመጡ ከጥቅምት 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ብቻ ነው የሚይዙት፣ አውሮፕላኑ ውስጥም መጠቀም አይችሉም።

ወደ ዋይፋይ። መብራት ሲጠፋ መስመሩ እየሠራ የዋይፋዩ ሳጥን (ራውተሩ) ብቻ የሚሞትባችሁ ሰዎች፣ ትልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) አትግዙ። ለኮምፒውተር የሚሸጠው ጥቁሩ ዩፒኤስ የእርሳስ ባትሪ ነው፣ ደጋግሞ ባዶ ሲሆን ቶሎ ይሞታል፣ የ12 ቮልቱንም ወደ 220 አውጥቶ አዳፕተሩ ደግሞ መልሶ ወደ 12 ሲያወርደው ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበት ይጨርሳል። ሁለት አማራጭ ሞክሬያለሁ። አንዱ ሚኒ ዩፒኤስ ነው፤ 8,800 የሚለው (እውነት ከሆነ) 32 ዋት አወር ገደማ ይይዛል፣ የኔን ሳጥን ሦስት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። መብራት ሲሄድ ሳጥኑ አይነቃነቅም፤ ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ይሄን ይግዛ። ሁለተኛው ርካሹ ነው፦ ከዩኤስቢ ወደ 12 ቮልት የሚያወጣ ገመድ ገዝቶ ያለውን ፓወር ባንክ መጠቀም። በባለ 20,000ው ስድስት ሰዓት አለፈኝ። ችግሩ ገመዱን ነቅሎ መሰካት አለ፣ ሳጥኑም እንደ አዲስ ይነሳል። እኔ ቤት ሁለተኛው ነው ያለው፤ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ አይገድለኝም።

ግን ገመዱን ከመሰካታችሁ በፊት የአዳፕተሩን ጽሑፍ አንብቡ! አብዛኛው 12 ቮልት ነው፣ 9 ቮልት የሆነም አለ፣ ጫፉ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። እኔ ይሄን ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። የድሮ የ9 ቮልት ሳጥኔ ላይ በጨለማ 12ቱን ሰካሁና ቡና ለማፍላት ወደ ጓዳ ዞርኩ። ቡናው ሳይፈላ ሌላ ነገር ሸተተኝ።

የስልክ ባትሪ ማስቀየር። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ ወይም አይቴል ከሆነ ካርልኬር ሂዱ፤ የሦስቱም የአንድ ኩባንያ ጥገና ስለሆነ ዕቃው አይጠፋም። ወረፋ አለ፣ ጠዋት ግቡ። ለሌሎቹ ሠሪ ያስፈልጋል። የኔ ሠሪ ፒያሳ ነበር፤ ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ተነሥቶ አሁን በቴሌግራም እየደወልን ነው የምንገናኘው። ስሙን አልጽፍም፣ ሥራ በዝቶበት ይቀየመኛል። ለምን እሱን እንደምመርጥ ግን ልንገራችሁ። ስልኩን ወደ ጓዳ ይዞ አይሄድም። ፊት ለፊቴ ይፈታል፣ ሙጫውን በፀጉር ማድረቂያ ያሞቃል፣ ባትሪውን በብረት ሳይሆን በቀጭን ፕላስቲክ ካርድ ነው ቀስ አድርጎ የሚያነሳው። አንድ ጊዜ ሌላ ቤት በካቻቢቴ ጫፍ ሲቆፍሩ አይቼ ስልኬን ነጥቄ ወጥቻለሁ። ሊቲየም ተወግቶ ከነደደ ውሃ የማጠጫ ጊዜ አይሰጥም።

አይፎን ላላችሁ፦ ከአይፎን ኤክስኤስ ጀምሮ ኦሪጅናል ያልሆነ ባትሪ ከገባ ሴቲንግ ውስጥ መልእክት ይወጣል። መልእክቱ ስልኩን አያቆመውም፣ ግን «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ያስከፈላችሁን ሰው ያጋልጣል። አንድሮይድ ላይ ደግሞ አኩባተሪ (AccuBattery) የሚባለውን አፕ ጫኑና ለአንድ ሳምንት ቻርጅ አድርጉ፤ ባትሪው በእርግጥ ስንት እንደሚይዝ ይገምታል። «ባትሪ ቆጣቢ» እያሉ ማስታወቂያ የሚያዘንቡትን አፖች አጥፏቸው፤ ባትሪውን የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ያገለገለ ላፕቶፕ። እዚህ ጋ ቸኩላችሁ አትግዙ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. መደበኛ ድጋፉ አልቋል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ፕሮሰሰር በታች ያለውን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም። ሻጩ «ኮር አይ5 ነው» ብቻ ካላችሁ አይበቃም፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቁ። አይ5-7200ዩ (7ኛ ጀነሬሽን) እና አይ5-8250ዩ (8ኛ) ስማቸው ወንድማማች ይመስላል፣ ግን የመጀመሪያው ሁለት ኮር (የፕሮሰሰሩ ሠሪ ክፍል) ነው፣ ሁለተኛው አራት። ዕድሜያቸው ሲታይ የዓመት ልዩነት ነው፣ ሥራ ላይ ሲታይ ሌላ ማሽን ነው። እኔ ያገለገሉ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድና የኤችፒ ኤሊትቡክ ነው የምጠቁመው፤ ኪቦርዳቸው ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫም አያጡም።

ባትሪውን ለማየት ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ክፈቱና powercfg /batteryreport ብላችሁ ጻፉ። የሚያወጣውን ፋይል ስትከፍቱ ዲዛይን ካፓሲቲ (አዲስ ሳለ የሚይዘው) እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን የሚይዘው) የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 60 በመቶ ካልደረሰ የባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስልኝ በሉ። አንዱ ሻጭ ይሄን ሳደርግ ፈገግ ብሎ «ወንድሜ፣ ልትገዛ ነው ልትመረምር?» አለኝ። ሌላኛው፣ መገናኛ ያለው ልጅ፣ ወንበር አምጥቶ ቻርጀሩን ነቀለና «አንድ ሰዓት ሥራበት» አለኝ። ከማን እንደገዛሁ ገምቱ። ታችፓዱንም በጣታችሁ ተጫኑት፤ አልጫን ካለ ወይም ከፍ ብሎ ከታየ ሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው፣ «ከአሜሪካ ስልክ ላምጣልህ ወይ?» ለሚባሉ። ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጻፉላቸው፦ በቴሌኮም ኩባንያ የተቆለፈ (የሌላ ኩባንያ ሲም የማይቀበል) እንዳይሆን፣ ሁለተኛ ደግሞ ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው የሲም ማስገቢያ የለውም፣ ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) ብቻ ነው። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ በእኛ 220 ይሠራል፤ የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኛ ቤት የሲሙን ነገር የነገረን ሰው አልነበረም። እህቴ ከቨርጂኒያ ያመጣችውን ስልክ ወንድሜ የሲም መክፈቻ መርፌ ይዞ፣ በስልክ መብራት እያየ፣ አራቱንም ጎን ሲያዞረው አመሸ።