ለአሮጌ መኪና የቱ ዘይት ይሻላል? ሚኔራሉን የሙጥኝ ስላሉ ሾፌሮችና ስለ መሃል ከተማ ዘይት ቀያሪዎች

«ቶዮታ ዲኤክስ አለኝ፤ የቱን የሞተር ዘይት ልጠቀም? የትስ ላስቀይር?» አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። መልሴን ከወዲሁ ልስጥ። መኪናችሁ በካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው አሮጌ ዕቃ) የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ ቀላል ሞተር ካለው፣ ጥሩ ስም ያለው ሚኔራል ዘይት፣ ማለትም ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራው መደበኛ ዘይት፣ ይበቃዋል። የውፍረት ደረጃው 20ደብሊው-50 ወይም 15ደብሊው-40 ይሁን፤ የቁጥሮቹን ትርጉም ከታች እነግራችኋለሁ። ከነፊልትሮው፣ በጊዜው። ለሲንተቲክ (በፋብሪካ በኬሚካል ሂደት ለሚሠራው ውድ ዘይት) ልታወጡ ያሰባችሁትን ትርፍ ብር ቶሎ ቶሎ ለመቀየር አውሉት።

ከሜክሲኮ፣ ከስታዲየም ወይም ከፒያሳ የሚጭን የሚኒባስ ሾፌር ጠይቁ። ብዙዎቹ «ሃያ ሃምሳ» ይሏችኋል። ከዓመታት በፊት የጀመሩትን ዘይት ዛሬም አልለቀቁም። «ገንዘብ ስለሌላቸው ነው» ብሎ ማለፍ ግን ሰዎቹን አለማወቅ ነው። ሞተር ቆመ ማለት ለእነሱ ገቢ ቆመ ማለት ነው። ለባለንብረቱ የሚሰጡት የቀን ገቢ ደግሞ ሞተር ወረደ ብሎ አይቀርም። እንዲህ ያለ ሰው በዘይት አይቀልድም።

ምክንያታቸው ሲሰማ አሳማኝ ነው። ዕድሜ የጠገበ ሞተር ዘይት ይበላል። ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ላይ ያልፍና ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥሎ በማርሚታ ይወጣል። ስለዚህ በቅያሪ መሃል መጨመር የግድ ነው። የሚጨመረው ዘይት ርካሽ መሆን አለበት፤ በየማደያውም መገኘት አለበት። ውድ ሲንተቲክ እየጨመሩ ጭስ ማድረግ ማንንም አያዋጣም።

ሁለተኛው ምክንያት እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ነው። አንድ ዓይነት ዘይት ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሾፌር የሞተሩን ጠባይ በዘይቱ ያነባል። በስንት ቀን እንደሚጠቁር፣ በሳምንት ምን ያህል እንደሚጎድል፣ የማስጠንቀቂያው መብራት ጠዋት ምን ያህል ቆይቶ እንደሚጠፋ ያውቃል። ከእነዚህ አንዱ ከተለወጠ ችግሩ ከሞተሩ ነው፤ ምክንያቱም ዘይቱ አልተለወጠም። በየጊዜው ያገኘውን ዘይት የሚያስገባ ሰው ይህን መለየት አይችልም። አንድ ዘይት ላይ መጽናት በራሱ ምርመራ ነው።

ቶሎ ቶሎ መቀየርም የራሱ ጥቅም አለው። መኪናው በተደጋጋሚ የሰርቪስ ጉድጓድ ላይ ይወጣል። መካኒኩ ከሥር ሲያየው የሚያፈሰውን፣ የላላውን፣ የተበላውን ጎማ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ፤ አዲስ አበባ ለዚህ ዘይት የምትመች ከተማ ናት። ጋሎኑ ላይ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር የብርድ ቁጥር ነው። 20ደብሊው ዘይት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ሞተር ለማስነሳት ይፈተናል። 15ደብሊው ከዜሮ በታች 20 ላይ፣ 5ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ላይ። የእኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቢከፋ ቢከፋ ዜሮ አካባቢ ነው። ለሩሲያ ክረምት የተሠራ ብልጫ እዚህ ብዙም አይፈይድም። ሁለተኛው ቁጥር ሞተሩ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ይነግረናል፤ የሚለካው በ100 ዲግሪ ነው። እዚያ ላይ 15ደብሊው-40 ሚኔራልና 5ደብሊው-40 ሲንተቲክ በአንድ የውፍረት ክልል ውስጥ ናቸው።

ሲንተቲክ ሙቀትን ይበልጥ ይችላል፤ ዝቃጭም ቶሎ አይሠራም። ይህ እውነት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ረጅም መቆየቱ ነው። ያን ዕድሜ ግን ካርቡሬተር ያለው መኪና ይሰርቀዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ያንሰዋል፤ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ ስታሸቱት ቤንዚን ቤንዚን የሚለው ለዚህ ነው። ቤንዚን የገባበት ዘይት ይቀጥናል። ውዱም ርካሹም እኩል ይበከላል። መፍትሔው ማፍሰስና አዲስ ማስገባት ብቻ ነው። ካርቡሬተሩን ለደጋ አየር የሚያስተካክል ጥሩ ባለሙያ ካገኛችሁም አትልቀቁት።

መንገዱም አለ። ከሜክሲኮ ፒያሳ በሥራ መውጫ ሰዓት የሄደ ያውቀዋል። ሞተሩ ይሠራል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን አይቆጥርም። የመኪና አምራቾች መመሪያዎች ራሳቸው አጭር ጉዞ፣ ቆሞ መሥራትና አቧራ የበዛበት መንገድ «ከባድ አጠቃቀም» ነው ይላሉ፤ የቅያሪውን ጊዜ እስከ ግማሽ ያሳጥሩታል። ስለዚህ መሃል ከተማ ለሚውል መኪና በሚኔራል ዘይት ከ5,000 ኪሎ ሜትር አትለፉ። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ ከዚያም ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ብዙ የማይነዳ መኪናም ቢሆን በስድስት ወር ይቀየርለት።

የትኛውን ልግዛ ላላችሁ፣ በስማቸው የታወቁት የሚኔራል ምርቶች እነዚህ ናቸው፦ ቶታል ኳርትዝ 5000፣ ሞቢል ሱፐር 1000፣ ካስትሮል ጂቲኤክስ 20ደብሊው-50፣ ሼል ሄሊክስ ኤችኤክስ3። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ለአሮጌ ሞተር ብላችሁ አትጨነቁበት። አስተማማኝ አቅራቢ ያለው፣ ከቤታችሁ አቅራቢያ ሁልጊዜ የሚገኘው ይበልጣል። ዋጋ አልጻፍኩም። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ዛሬ የምጽፈው ነገ ያሳስታችኋል።

ከብራንዱ ይልቅ ጋሎኑ ላይ ያለውን የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) የጥራት ደረጃ አንብቡ። ለቤንዚን ሞተር በኤስ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ፊደል ወደ ኋላኛው የእንግሊዝኛ ፊደል በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ደረጃ ነው። ኤስኤል በ2001፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው፤ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር። ለዲኤክስና ለላዳ ኤስኤል ከበቂ በላይ ነው። ተጠንቀቁ የምለው ኤስኤ ወይም ኤስቢ ከሚል ርካሽ ጋሎን ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤስኤ ከ1930 በኋላ ለተሠሩ፣ ኤስቢ ከ1951 በኋላ ለተሠሩ ሞተሮች እንደማይሆን የኤፒአይ ሰንጠረዥ በግልጽ ይናገራል። ኤስኤፍ እንኳ ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አይመከርም። ምንም ደረጃ ያልተጻፈበትን ከነጭራሹ ተዉት። ርካሽ ዘይትና የማይረባ ዘይት አንድ አይደሉም።

ናፍጣ ለሆነ ሃይሉክስ፣ ሃይስ ወይም አይሱዙ ሲሆን በሲ የሚጀምረውን ፈልጉ፤ ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 ጥሩ ነው። ቶታል ሩቢያ ለዚህ የተሠራ መስመር ነው። የናፍጣ ዘይት በጥቂት ቀን ቢጠቁር አትደንግጡ። ጥላሸቱን አቅፎ መያዝ ሥራው ነው።

ሚኔራል ዘይት ለሁሉም መኪና ነው እያልኩ አይደለም። ቪቪቲ-አይ ያላቸው ቪትዝና ያሪስ ቫልቭ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚያስተካክሉት በዘይት ግፊት ነው። መመሪያቸው ቀጭን ዘይት ይጠይቃል፤ 5ደብሊው-30 የተለመደው ነው። በእነሱ ላይ ሃያ ሃምሳ መሙላት «ወፍራም ይሻላል» ከሚል የቆየ ልማድ የመጣ ነው፤ አልስማማበትም። ዲዛየር ይዛችሁ በራይድ ወይም በፈረስ የምትሠሩም እንዲሁ፤ መመሪያውን ተከተሉ። ቱርቦ ላለው አዲስ ሞተር ደግሞ ሲንተቲክ ይመረጣል፤ ቱርቦው የሚፈጥረውን ሙቀት ከሚኔራሉ ይበልጥ ይችላል። መንገድ ላይ ጎድሎባችሁ ያገኛችሁት ሚኔራል ብቻ ከሆነ ግን ጨምሩ። ሁለቱ ቢቀላቀሉ አይረጉም። ያለ ዘይት መንዳት ነው ሞተር የሚገድለው።

የት እንቀይር ለሚለው፣ መሃል ከተማ ላይ ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው። ቶታል፣ ኖክና ኦላ ማደያዎች ውስጥ ያለው የሰርቪስ ጉድጓድ አንዱ ነው። ዘይቱ ከራሳቸው አቅርቦት ስለሚመጣ ስለ እውነተኛነቱ ብዙ አትጨነቁም። ድክመቱ ወረፋው ነው፤ ለአሮጌ ሞዴል የሚሆን ፊልትሮም ሁልጊዜ አይኖራቸውም። ሶማሌ ተራና ተክለሃይማኖት አካባቢ ደግሞ የሌለ ፊልትሮ የለም። ዋጋውም ይቀንሳል፤ ፍጥነቱም ሌላ ነው። ግን ሻጩን ማወቅ ያስፈልጋል። ባዶ ጋሎን ሰብስቦ የተጣራ አሮጌ ዘይት የሚሞላ አይጠፋም። ክዳኑ ላይ ያለውን ማሸጊያ ራሳችሁ ስበሩ። የምርት ቁጥሩ ጋሎኑ ላይ መታተሙን እዩ። ከበርሜል በሊትር የሚቀዳውን ከማታውቁት ሰው አትግዙ። ሲጨርሱ ባዶውን ጋሎን ቢላ አስገብታችሁ ቅደዱት፤ ለሌላ ሰው ወጥመድ እንዳይሆን።

ሦስተኛው የሰፈር ጋራዥ ነው። የፒያሳና የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ጋራዦች ቦታ ቀይረዋል። የለመዳችሁት መካኒክ የት እንደሄደ ፈልጉ፤ ይገባዋል። መኪናችሁን ለዓመታት ያወቀ እጅ በቀላሉ አይተካም። የእኔ ምርጫ ሦስቱን ማጣመር ነው። ዘይቱን ከማደያ፣ ፊልትሮውን ከሶማሌ ተራ ገዝቼ ለማምነው መካኒክ እወስዳለሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚገባው አሮጌ መኪና የምንተካው ዕቃ ስላልሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። በእጃችን ያለው ዲኤክስ ለብዙ ቤተሰብ ትልቁ ጥሪት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በእሱ ነው፤ እናት ሐኪም ቤት የምትሄደው በእሱ ነው።

ዘይት ልታስቀይሩ ስትሄዱ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ይሁን፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። እስኪንጠባጠብና እስኪያቆም ጠብቁ፤ የሚያጣድፋችሁን እሺ አትበሉት። የማፍሰሻው ብሎን ቀለበት ካረጀ ይቀየር። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ አጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ለጥ ባለ ቦታ ላይ ለኩ። ከላይኛው ምልክት አያሳልፉ። ፊልትሮ የለንም፣ በአሮጌው እንለፈው ካሏችሁ ዘይቱን አታስቀይሩ፤ ፊልትሮውን ይዛችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ።