በትሬስካ ይወድቃል፣ በቮን ሚዝስ ያልፋል፤ የቱን ልመን?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አስረዱኝ። አንድ የስቲል ዘንግ ላይ ሦስት ቀን ተቀርቅሬያለሁ፤ ትሬስካና ቮን ሚዝስ (ብረት በጭነት መቼ ቅርጹን ለዘለቄታው እንደሚለውጥ የሚገምቱ ሁለት ቀመሮች) የተለያየ መልስ ሰጡኝ። ብረቱ እስከ 250 ሜጋፓስካል ውጥረት ድረስ ጭነቱ ሲነሳለት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ከመታጠፍ 120፣ ከመጠምዘዝ ደግሞ 80 ሜጋፓስካል ውጥረት አለበት። ዋና ውጥረቶቹ (ሁለቱ ሲጣመሩ የሚገኙት ትልቁና ትንሹ የመሳብ ወይም የመጫን ውጥረቶች) 160 እና -40 ወጡልኝ፤ ደጋግሜ አረጋግጫለሁ።

በትሬስካ የሁለቱ ልዩነት 200 ይሆናል፣ የደህንነት መጠኑ (250 ለዚህ ሲካፈል) 1.25። በቮን ሚዝስ ግን 183፣ ማለትም 1.36። የተጠየቅኩት ቢያንስ 1.3 ነው! ትልቁን ውጥረት ብቻ ካየሁ 1.56 ይመጣል፤ እሱ ግን እንደ ካስት አይረን ድንገት ለሚሰበር ነገር ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ትሬስካ ጠንቃቃ ነው፤ ቮን ሚዝስ ለስቲል ከሙከራ ውጤት ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። የሚያስጨንቀኝ ዘንጉ መሽከርከሩ ነው፤ ከመታጠፍ የሚመጣው ውጥረት በየዙሩ ይገለባበጣል። ታዲያ ውፍረቱን ልጨምር ወይስ መጀመሪያ የድካም ስሌት (ብረቱ በተደጋጋሚ ጭነት ይሰበር እንደሆነ የሚያሳይ) ልሥራ?