ሻጩ 480 ያነበበበት የቧንቧ ውሃ፦ ማለስለሻ ከመግዛት በፊት ምን ይለካ?

ሰፈርተኛ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ከከተማ ወጣ ባለ መንደር ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ ተስቦ በጋራ ታንከር በኩል ይከፋፈላል። ሳሙና አረፋ አያወጣም፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ የሻወር ቀዳዳ ይደፈናል። ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ደግሞ ቢጫ ይላል። ሻጭ በቲዲኤስ መለኪያ (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር ድምር በሚገምተው) 480 አንብቦ «ይህ ውሃ አይጠጣም፣ ለቤቱ ሁሉ ማለስለሻ ይግባ» ይላል። ሁለት የብረት ዘንግ ያለው መሣሪያ ነክሮም ውሃውን ቡናማ አድርጎ አሳይቷል። እውነት ውሃው ቆሻሻ ነው? ማለስለሻስ መፍትሔው ነው?

ጠብታ
ከዘንጉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ነው። ቡናማው ነገር ከውሃው አልወጣም። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብረቱ ራሱ ይበላና ዝገት ይሆናል። የተጣራ ውሃ ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፍ ዘንጉ አይበላም፣ ውሃውም ንጹሕ መስሎ ይቀራል። በዚያ በተጣራው ውሃ ላይ ቁንጥር ጨው ጨምረው ቢደግሙት እሱም ቡናማ ይሆናል።

ቲዲኤስ መለኪያም ጥንካሬን፣ ማለትም ቅርፊት የሚሠሩትን የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን፣ አይለካም። የሚያነበው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ የሟሙትን ሁሉ ድምር ይገምታል። 480ው አብዛኛው ካልሲየምና ማግኒዥየም ይሁን ወይስ የገበታ ጨው፣ ከቁጥሩ አይታወቅም።

ጥንካሬን የጠብታ መመርመሪያ ይለካል። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ በጠርሙሷ ይቅዱ፣ ጠብታውን አንድ በአንድ እየጨመሩ በየጠብታው ይነቅንቁ። ጠብታው ያቀላው ውሃ መጀመሪያ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ እዚያ አያቁሙ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ እስኪሆን ይቀጥሉ። በብዙዎቹ መመርመሪያዎች አንድ ጠብታ አንድ የጀርመን ዲግሪ ነው፣ ማለትም በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር 17.8 ሚሊ ግራም። 18 ጠብታ ከፈጀ ወደ 320 ይደርሳል። እስከ 60 ለስላሳ፣ ከ120 በላይ ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል።

ይሁን እንጂ ጥንካሬ ብክለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። በጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚያሰጋው የማይታየውና የማይቀመሰው ነው፤ ፍሎራይድ (መመሪያው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም)፣ ናይትሬት (50) እና ኢ. ኮላይ የሚባለው የሰገራ ብክለት ጠቋሚ ባክቴሪያ (በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ጭራሽ መገኘት የለበትም)። ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበልጥ ይከማቻል። ማለስለሻም ፍሎራይድንም ሆነ ጀርምን አይነካም። ስለዚህ መጀመሪያ ላቦራቶሪ።

ለጀርም ምርመራ ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ይውሰዱ። ውስጡ ያለው ዱቄት ወይም ጠብታ ክሎሪንን የሚያረክስ ስለሆነ አይለቅለቅ። የቧንቧውን አፍ ወንፊት ይፍቱ፣ አፉን በአልኮል ይጥረጉ፣ ውሃውን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያፍስሱ፣ የክዳኑን ውስጥ ሳይነኩ ይሙሉ። በበረዶ ይዘው ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ።

የቧንቧ ሠራተኛ
ቢጫውን በነጭ ባልዲ ይለዩት። ጠዋት ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧና ከኩሽናው ለየብቻ ይቅዱ። ከኩሽናው ብቻ ቢጫ ሆኖ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከጠራ፣ የቤቱ የብረት ቧንቧ ሌሊት ዝጓል፤ ከቆጣሪውም ቢጫ ከሆነና ካልጠራ ምንጩ ወይም የጋራው ታንከር ነው። ጥርት ብሎ ወርዶ ባልዲው ውስጥ ቆይቶ ቢጫ ከሆነ፣ የሟሟ ብረት አለ ማለት ነው። ይህ ማለስለሻ ለሚያስገባ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ብረት ሬዚኑን (ማለስለሻው ውስጥ ጥንካሬውን የሚይዙትን ጥቃቅን ፍሬዎች) ስለሚደፍን ቀድሞ መወገድ አለበት።

ነጭ ደመና የመሰለ ውሃ ግን አያስደንግጥ። ብርጭቆ ውስጥ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው።

ቦይለሩን ከ60 ዲግሪ በላይ አያሙቁት፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ኖራው በፍጥነት ይጋገራል። ሲሞቅ የሚንጣጣ ከሆነ ኤለመንቱ ቅርፊት ለብሷል። መብራቱን ከማብሪያው ሳይሆን ከዋናው ሰርኪት ብሬከር ያጥፉ፣ መግቢያውን ዘግተው ያፍስሱ፣ ኤለመንቱን ፈትተው በ1 ሊትር ውሃ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ባለበት ይዘፍዝፉ። ሲገጥሙ ጎማውን ይቀይሩ። ቦይለሩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዥየም ዘንግም ተበልቶ ሽቦው ከታየ አብሮ ይቀየር። ሙቅ ውሃ ቧንቧው አየር ተፍቶ ሳይቋረጥ እስኪወርድ ድረስ መብራት አያብሩ፤ ኤለመንት በደረቁ ከሞቀ ይቃጠላል።

ኬሚስት
ከላይ ባለው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ሲትሪክ አሲዱን አያፍሉት፤ ሲፈላ ካልሲየም ሲትሬት የሚባል አዲስ ነጭ ዝቃጭ ይሠራና ቅርፊቱ ላይ ይለጠፋል። ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፣ አረፋ ማውጣቱ ሲቆም ሥራው አልቋል። ሲትሪክ አሲድም ሆነ አቼቶ ከበረኪና ጋር በፍጹም አይገናኙ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ታንከሩን በበረኪና የሚያጥቡ ካሉ በሌላ ቀን ይሁን።

ሰፈርተኛ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። በጠብታ 320 ሆኖ ላቦራቶሪው ጤነኛ ነው ካለና ማለስለሻ ማስገባት ከተፈለገ፣ ለ5 ሰው መጠኑ ስንት ይሁን?

ጠብታ
በሰው 100 ሊትር ቢያዝ በቀን 500 ሊትር ነው፤ በ320 ሲባዛ በቀን 160 ግራም ጥንካሬ ይነሳል። አንድ ሊትር ሬዚን ወደ 50 ግራም ይይዛል፤ 25 ሊትር ሬዚን 1,250 ግራም፣ ማለትም ወደ 8 ቀን የሚጠጋ። ሬዚኑ በየ6 ቀኑ በጨው ውሃ እንዲታጠብ ያስተካክሉት። በአንድ እጥበት በሊትር ሬዚን 120 ግራም ጨው፣ በድምሩ 3 ኪሎ ይፈጃል። ደቃቅ ጨው ይጋገራል፣ ጥራጥሬው ይሻላል። ጨዉ በማጠራቀሚያው ውስጥ ከላይ ቅርፊት ሠርቶ ከሥር ባዶ ሲሆን ጨው ያለ ይመስላል፣ ውሃው ግን ጠንካራ ሆኖ ይወጣል፤ በእንጨት ወጋ ወጋ ማድረግ ነው።

መሣሪያው ካልሲየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል፤ ከ320 በሊትር ወደ 147 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይጨመራል። ስለዚህ የኩሽናው ቀዝቃዛ ቧንቧ ከማለስለሻው በፊት ይቀጠል፣ በተለይ የደም ግፊት ላለበትና የሕፃን ወተት ለሚበጠብጥ። የአትክልት ውሃም እንዲሁ። ከተገጠመ በኋላ ቲዲኤሱ አሁንም 480 አካባቢ ቢያነብ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ አንዱ ጨው በሌላ ተተክቶ ነው። ጠብታውን መልሰው ይሞክሩ፣ በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ጠብታ ሰማያዊ ከሆነ ሠርቷል።