የአጋዘኑን ሳንቲም ጆሮ ላስነቅለው ወይስ ልተወው?

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ሳንቲም የምትሰበስቡ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

ከአያቴ የቀረ ባለ 25 ብር የብር ሳንቲም አለኝ። የደጋ አጋዘን ተቀርጾበታል፤ ዓመቱ 1970 ነው። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ከተቀረጹት አንዱ ነው። ዋልያ ያለበት የ600 ብሩ ወርቅም የዚያው ወገን ነው (እሱ ቢሆንማ ኖሮ!)።

አያቴ ከጠገራ ብር ጋር አንገቷ ላይ ታስረው ስለነበር አንጥረኛ ጆሮ (ክር የሚገባበት ማንጠልጠያ) በይዶለታል። ብየዳው ጠርዙ ላይ ፈሶ ደርቋል። ከአጋዘኑ ቀንድ ሥር ደግሞ ጠቁሯል።

አንድ ገዢ ፎቶውን አይቶ «ትክክለኛው 1978 ነው፣ ያንተ ፎርጅድ ነው» አለኝ። 1978 በፈረንጅ፣ 1970 በእኛ አቆጣጠር ነው ብለው አልሰማኝም። ዋጋ ለማውረድ ይመስለኛል። ሌላው ደግሞ «ጆሮውን አስነቅለህ፣ በአመድና በሎሚ ፈትገህ አምጣ» ይላል። ፍትጊያ የቅርጹን ፊት ስለሚቧጭረው እሱን አልሞክረውም።

የጨነቀኝ ጆሮው ነው። ሳንቲሙን እሳት ሳይጎዳው ማስለቀቅ ይቻላል? ወይስ እንዳለ መሸጥ ይሻላል? ባሕር ዳርም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ እጁ የሚታመን አንጥረኛ የምታውቁ ጠቁሙኝ።