ለኦሮማይ መታገድ ምላሽ የሚሆን ሊኖከት፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ለሚታይ ኤግዚቢሽን፤ ሐሳብ ስጡኝ

የሊኖዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥነ ጥበብ ነው የምማረው፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ግራፊክስ፤ ሊኖከት ማለትም ሊኖሌም ቆርጦ በቀለም ወረቀት ላይ ማተም ነው የምሠራው። የዚህ ሴሚስተር ሥራችን የጋራ ኤግዚቢሽን ነው፤ አዳራሽ የለውም፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው የሚታየው። እያንዳንዳችን በሳንሱር የተመታ አንድ ሥራ እንመርጥና የራሳችንን ምላሽ እንሠራለን። ጓደኛዬ ዲዬጎ ሪቬራን ወሰደች። ኒው ዮርክ ሮክፌለር ሴንተር ግድግዳ ላይ የሌኒንን ፊት ጨመረ፣ አጥፋ ሲሉት እምቢ አለ፣ ክፍያውን ሰጥተው አሰናበቱት፣ በ1934 እ.ኤ.አ. ሥዕሉን ከነልስኑ አፈረሱት። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ሲቲ ላይ እንደገና ሣለው፤ በዚህኛው ሮክፌለርን ራሱን መጠጥ አስጨብጦ አስገባው። እንዲህ ያለ ቂም ደስ ይለኛል።

እኔ የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ፣ ኦሮማይን ያዝኩ። መጽሐፉ በ1975 ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ከየሱቁ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ችግሬም እሱ ነው። ሁሉም ሰው ታሪኩን ስለሚያውቀው የበዓሉን ፊት ብቆርጥ የመታሰቢያ ፖስተር ይሆንብኛል። መነጽር፣ ሲጋራ፣ ጥቁር ጀርባ፤ በቃ፣ በየዓመቱ ፌስቡክ የሚያጋራው ምስል።

የመጀመሪያው ንድፍ የቀረበ ዕለት ክፍላችን በአፍ ተሞላ። የተሰፋ አፍ፣ በፕላስተር የታሸገ አፍ፣ ቁልፍ የተንጠለጠለበት አፍ። በሰንሰለት የታሰረ ብሩሽም ነበር። ማንኛውም አገር፣ ማንኛውም ዘመን ሊሆን ይችላል። እኔ የ1975ን አዲስ አበባ ነው የምፈልገው። በዚያ ጊዜ የነበራችሁ ካላችሁ፣ መጽሐፍ ሲታገድ ምን ይታይ ነበር? በዓይን ማለቴ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን እትም ሽፋን ብጠቀምበት የቅጂ መብት ያስጠይቀኛል? ሦስተኛ፣ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሰጥሞ፣ በጣት ሲነካ የሚታወቅ ነገር ነው የምሠራው፤ እሱን በስልክ መስታወት ማሳየት ትርጉም አለው ወይ?

እማዬ ንድፌን አይታ «ምነው አበባ ብትስይ?» አለችኝ። ስለ 1975 መጽሐፍ እንደሆነ ነገርኳት። «ቢሆንስ» አለች።

ሰምና ወርቅ

ቅድመ ምርመራ በ1985 በአዋጅ ቁጥር 34 ቀረ፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 29 ላይ ከልክሎታል። እናንተ ገና ሳትወለዱ ነው። ደግሞ እውነቱን እናውራ ከተባለ ለኪነ ጥበብ የሚጠቅመው ሳንሱር ነው። አፉ ሲያዝ ነው የሐበሻ ምላስ የሚሳለው። ሳንሱር ባይኖር ቅኔ ከየት ይመጣ ነበር? ዛሬ ሁሉም ያሻውን ይላል፣ የሚነበብ ግን የለም።

የድሮ አራሚ

ወንድሜ ሰምና ወርቅ፣ ቅኔ ቤት የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከመቋቋሙ በፊት ስንት መቶ ዓመት ቆሞ ነበር። የሳንሱር ልጅ አታድርገው። በጊዜው የተሳለ ምላስ አየሁ የምትለኝ ከሆነ፣ የታጠፈውን ምላስ ስላላየኸው ነው፤ እሱ አልታተመማ።

ልጄ፣ ወዳንቺ ልምጣ። በደርግ ጊዜ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሳንሱር ሲባል እናንተ ልጆች መቀስ የያዘ ወታደር ነው የሚታያችሁ። እኔ የማውቀው መርማሪ ከረባት ያሰረ፣ ሥነ ጽሑፍ የተማረ፣ ግጥም በቃሉ የሚወርድ ሰው ነበር። ረቂቁ ወደ ማስታወቂያና መርሐ ብሔር ሚኒስቴር ይሄዳል፣ ማህተም አርፎበት ይመለሳል። ማህተም የሌለው ወረቀት ፊደል ለቃሚዎቹ ዘንድ አይደርስም። በቃ ይኸው ነው፤ ጩኸት የለውም።

ደግሞ አብዛኛው ሥራ እዚያ ሳይደርስ ያለቀ ነበር። ደራሲው ሌሊት የጻፈውን ጠዋት ይሰርዛል። ታይፕ የምትመታው ልጅ «ይቺን ባታስገባት» ትለዋለች፤ አዝናለት ነው። አራሚው ጠርዙ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት ያደርጋል። የጥያቄ ምልክት ብቻ፣ ምንም አይጽፍም። እርሳስ ስለሆነ ይጠፋል። ወደ ሚኒስቴሩ የሚሄደው ረቂቅ ንጹሕ ነው፤ መርማሪውም የሚሰርዘው አያገኝም። እናትሽ «ቢሆንስ» ያለችው ከዚህ ዘመን የተረፈ ነው፤ አትፍረጂባት።

ኦሮማይ ይህን ሁሉ አልፎ መውጣቱ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ያሳተመው የመንግሥት የሆነው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው። በዓሉም ተራ ደራሲ አልነበረም፤ የዚያው የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነው። ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ የከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲካሄድ አስመራ ነበረ፤ ያየውን ነው የጻፈው። ማህተሙ የሚረገጥበት ቤት የራሱ ቢሮ ያለበት ቤት ነው። ወንበዴ ከውጭ ሆኖ የወረወረው ወረቀት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አያንገበግባቸውም ነበር።

«በዓይን ምን ይታይ ነበር?» ላልሽው፦ ምንም። ባዶ መደርደሪያ እንዳትስይ፤ መደርደሪያው ባዶ አልነበረም። በማግስቱ ሌላ መጽሐፍ ተደርድሮበት ነው የምታገኚው። ባለሱቁን ብትጠይቂው «የቱ?» ይልሻል።

እኔ ራሴ ያነበብኩት የሌላ መጽሐፍ ሽፋን ለብሶ ነው። ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም የሚያስረዳ የገበሬ መመሪያ ነበር ከላይ። ሽፋኑ በሙጫ ተለጥፎ፣ ጠርዙ ላይ ቀድመውኝ የገለጡት ሰዎች የጣት እድፍ አለ። ጠዋት መልስ ተብዬ ነው የወሰድኩት። ሰጪው ከማን እንዳገኘው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩ።

ከኢዛር ማዶ

ሙኒክ ነው የምኖረው፤ ሌላኛውን ጫፍ ላሳይሽ። ጋሼ የነገሩሽ ሳንሱር ደብቆ የሚሠራ ነው። እዚህ ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ናዚዎች ራሳቸው ኤግዚቢሽን ከፈቱለት። «የዘቀጠ ጥበብ» አሉት። ሆፍጋርተን ከሚባለው መናፈሻ ጎን፣ በጠባብ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት ቤት ነው፤ ከየሙዚየሙ የነጠቁትን ወደ 650 ሥራ እዚያ አጨቁት። ከአንድ ቀን በፊት ሂትለር «ትክክለኛው» ጥበብ የሚታይበትን ትልቅ አዳራሽ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ መርቆ ነበር።

አሰቃቀላቸውን ነው ልብ በይ። ሥዕሎቹ ተጨናንቀው፣ አንዳንዶቹ ያለ ፍሬም፣ ግድግዳው ላይ የስድብ ጽሑፍ። ከሥራው ሥር ሙዚየሙ የገዛበት ዋጋ ተለጥፏል፤ ብዙው የተገዛው ማርክ ዋጋ ባጣበት በግሽበቱ ዘመን ነው፣ ቁጥሩም እጅግ ትልቅ ነው፤ ያንን ግን አላብራሩም። ሠራተኛው አይቶ «በእኔ ግብር?» እንዲል ነው። መግቢያ ነፃ፣ ከ18 ዓመት በታች ክልክል። እስከ ኖቬምበር ማለቂያ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አየው።

ኤሚል ኖልደ የሚባለው ሠዓሊ ጉዳይ ደግሞ ለክፍላችሁ ውይይት ይሆናል። ከአንድ ሺህ በላይ ሥራ የተወረሰበት እሱ ነው፤ ከማንም በላይ። ሰውየው ግን የናዚ ፓርቲ አባል ነበር፣ አይሁድንም ይጠላ ነበር። የታገደ ሁሉ ጻድቅ አይደለም። የተሰፋውን አፍ የሣሉት ልጆች ለኖልደ ምን እንደሚሠሩ ማየት እፈልጋለሁ።

ምክሬ አንድ ናት። ከሥራሽ ሥር የምትጽፊው ጽሑፍ ተመልካቹን ምን ይሰማህ ብሎ እንዳያዘው። እዚህ ጽሑፉ ነው ሥዕሉን የገደለው።

ፒክስል

እኔ ስለ ማሽኑ ነው የማወራው። ባለ ሦስት አውታር (3D) ጨዋታ የመሰለ፣ እየተራመዱ የሚገቡበት ክፍል ልትሠሩ ከሆነ ተዉት። አብዛኛው ሰው በስልክ፣ በዳታ ነው የሚያየው። ክፍሉ እስኪከፈት ፓኬጁ ያልቃል፤ ከተከፈተም ሰው ግድግዳ ይጋጫል እንጂ ሥዕል አያይም። ወደ ታች የሚወርድ አንድ ገጽ ይበቃል። ምስሉ በረጅሙ ጎን 1600 ፒክስል፣ ክብደቱ ከ300 ኪሎ ባይት ባይበልጥ።

ለፕሪንት ፎቶ ፍላሽ አትጠቀሚ። ቀጥታ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ ካሜራው ተተክሎ፣ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ። ለሦስተኛው ጥያቄሽ መልሱ ደግሞ ይሄ ነው፦ አንድ ሙሉውን አንሺ፣ ከዚያ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ እንዲመታው አድርገሽ ጠጋ ብለሽ አንሺ። የሊኖው ግፊት ወረቀቱ ላይ የተወው ጥልቀት ጥላ ይጥላል። ጣት የሚያገኘውን በከፊል ዓይን ያገኘዋል።

ሌላው፣ ኤግዚቢሽኑን ሙሉ በሙሉ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አታስቀምጡ። ቪየና ከተማ፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያለችውን የዊለንዶርፍ ቬነስ ታውቋታላችሁ? 30 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናት፣ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች የድንጋይ ምስል። ፎቶዋን ፌስቡክ እርቃን ነው ብሎ አነሳው፤ ነገሩ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲጮህ ይቅርታ ጠየቁ። በ2021 እ.ኤ.አ. የከተማዋ የቱሪዝም ቢሮ መረረውና የሙዚየሞቹን እርቃን ሥዕሎች ኦንሊፋንስ ላይ ከፈተ፤ ለአዋቂዎች ገጽ ማለት ነው። ከክፍላችሁ የእርቃን ጥናት የሚያስገባ ካለ እናንተንም ያገኛችኋል፣ ስለ ሳንሱር የሚያወራ ኤግዚቢሽን በማሽን ሳንሱር ይደረጋል። የራሳችሁ ድረ ገጽ ይኑራችሁ፣ ቴሌግራም ለማስታወቂያ ብቻ። ሙሉውን ደግሞ በፒዲኤፍ አዘጋጁት፤ ኔት በሚጠፋበት ሰሞን ከስልክ ስልክ ይተላለፋል።

የቅጂ መብቱን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው ደራሲው ካረፈ 50 ዓመት ድረስ ነው ይላል። ሽፋኑን የሣለው ሌላ ሰው ስለሚሆን እሱም የራሱ መብት አለው። የራስሽን ሽፋን ሥሪ፤ ቀላሉ እሱ ነው። (የሞተበት ቀን ያልታወቀ ደራሲ 50 ዓመቱ ከየት ይቆጠራል? የሕግ ሰው ካለ ይንገረን።)

የሊኖዋ ልጅ

ጋሼ፣ ባዶ መደርደሪያ ንድፌ ደብተሬ ውስጥ ነበር። ቀደድኩት።

እንዲህ አሰብኩ። ሪዳክሽን የሚባል አሠራር አለ፤ በአንድ ሊኖ ብቻ ነው የሚታተመው። መጀመሪያ ትንሽ ትቆርጪና በፈዛዛው ቀለም ታትሚያለሽ፣ ያንኑ ሊኖ ደግሞ ትቆርጪና በሚቀጥለው ቀለም ከላይ ታትሚያለሽ። እየቆረጥሽ ስትሄጂ ሊኖው ያልቃል፤ ካለቀ በኋላ ተመልሶ አንድም ቅጂ ማውጣት አይቻልም። መታገድ እንደዚህ እንዲሰማ ነው የምፈልገው፤ በአፍ ሳይሆን በአሠራሩ። ሥዕሉ የማዳበሪያው መመሪያ ሽፋን ይሆናል። ጠርዙ ላይ ብቻ፣ ውስጥ ያለው ሌላ ወረቀት በቀጭኑ ይወጣል፣ ከነጣት እድፉ። እድፉን በማተሚያ ቀለም በራሴ ጣት ነው የማደርገው፤ ጓደኞቼም ጣታቸውን ያበድራሉ።

ካታሎጉ ላይም በማዳበሪያው ርዕስ ይግባ አልኩ። ኦሮማይ የሚል ቃል የትም አይኖርም። ከኢዛር ማዶ እንዳልከው ጽሑፉ እንዳያዝ። የክፍል ጓደኞቼ «ታዲያ ማን ያውቀዋል? ሰው አልፎት ይሄዳል» አሉኝ። ይሂድ። በ1975ም ሱቅ የገባው ሰው ሁሉ አልፎት ነው የሄደው። ፒክስል፣ ከጎን በሚመታ ብርሃን የተነሳውን ፎቶ ግን እድፉ ላይ አደርገዋለሁ፤ የፈለገ ያጉላው።

ሰምና ወርቅ፣ ምናልባት ይቺኛዋን ትወዳት ይሆናል፤ ሳንሱር ግን አላዘዘኝም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ የማዳበሪያው ሽፋን ቀለሙ ትዝ ይልዎታል?

ሰምና ወርቅ

ሊንኩ ሲወጣ እዚህ ለጥፊልን። ጣት የማበድረው እኔም አለሁ፣ ፒያሳ አካባቢ ከሆናችሁ።

የድሮ አራሚ

አረንጓዴ፣ በጥቁር ጽሑፍ። ከመሐል የበቆሎ ሥዕል፣ እሱም በጥቁር። እንዲህ ዓይነት መመሪያ ሁለት ቀለም ነው የሚታተመው፤ ሦስተኛ ቀለም ማለት ወረቀቱ ደግሞ ማሽን ውስጥ ይገባል ማለት ነው፣ ወጪው አይቻልም። አሠራርሽን ለማሳመር ብለሽ ቀይ እንዳትጨምሪ። ደግሞ አረንጓዴው ከጥቁሩ ጋር አይገጥምም ነበር፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ግራ ይሸሻል። እሱንም ያዥው።