ስፒናች በሠራሁ ቁጥር ውሃ ብቻ ይሆንብኛል፣ ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ምግብ ማብሰል ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወር ነው፣ ማታ ከሥራ ደክሞኝ ስለምገባ ከግማሽ ሰዓት በላይ የማይፈጅ ነገር ነው የምፈልገው። ስፒናች በጣም እወዳለሁ ግን ሁሌ የሚገጥመኝ አንድ ዓይነት ነው፣ ድስት ሙሉ ቅጠል እከታለሁ ትንሽ ቆይቼ ሳየው እፍኝ የማይሞላ ነገር ይሆናል፣ እሱም ውሃ ውስጥ ተኝቶ። ትናንት ከእንቁላል ጋር ሞከርኩት፣ ገና ቅጠሉ ድስት ውስጥ ሲገባ ሎሚ ጨመቅኩበት ጨው ነሰነስኩ ከደንኩት፣ ከዛ እንቁላሉን ስጨምር ውሃ በውሃ ሆነ፣ ቀለሙም አመድ መሰለ፣ ስበላው ደግሞ ጥርሴ ላይ የሆነ የሚሻክር ነገር ተሰማኝ። አሁን ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ኪሎ የሚሆን አለኝ፣ ከነገ ወዲያ መጠውለጉ አይቀርም። ቤት ያለኝ እንቁላል፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ቀይ የምስር ክክ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ የታሸገ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ ነው። ኦቭን የለኝም፣ አንድ መጥበሻና ሁለት ድስት ብቻ። ቁጭ ብዬ በግራም እየመዘንኩ የምከተለው ሬሲፒ ሳይሆን ያለውን ነገር አገናኝቼ እንዴት እንደምሠራ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ባለ አንድ መጥበሻ፦
እህቴ መጀመሪያ ይሄን እወቂ፣ ስፒናች ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ማለት ግማሽ ኪሎ ስትገዢ አብዛኛው የገዛሽው ውሃ ነው፣ ሙቀት ሲነካው ያንን ውሃ ይለቃል፣ ግማሽ ኪሎው ሲበስል አንድ ኩባያ ያህል ነው የሚወጣው። ስለዚህ መጠኑ ሲቀንስ አንቺ ያበላሸሽው ነገር የለም፣ ባህሪው ነው፣ ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ብዙ አይደለም።

እኔ ስፒናች በያዝኩ ቁጥር የማስበው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ይሄ ምግብ ውስጥ ውሃውን የሚጠጣለት ነገር አለ ወይስ የለም? ምስር፣ ሩዝ፣ ሾርባ ከሆነ ውሃውን ይፈልጉታል፣ ጥሬውን ቆርጠሽ መጨረሻ ላይ መጨመር ነው በቃ። እንቁላል፣ ሳንድዊች፣ ቂጣ ውስጥ የሚጠቀለል ነገር ከሆነ ግን የሚጠጣለት የለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ለብቻው አብስለሽ ውሃውን ማስወጣት አለብሽ። ትናንት ያንቺ እንቁላል የተበላሸው ለዚህ ነው።

ለብቻው ስትጠብሺ ደግሞ መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ ቅጠሉ የደረቀ ይሁን፣ ሁሉንም አንዴ አትክምሪው፣ አንድ ጭብጥ አድርገሽ ሲሟሽሽ ሌላ ትጨምሪያለሽ፣ ክዳን የለም፣ ጨው መጨረሻ ላይ። በአጠቃላይ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጨው ቀድሞ ከገባ ውሃውን ስቦ ያወጣዋል፣ ክዳን ደግሞ እንፋሎቱን መልሶ ያንጠባጥብልሻል፣ አንቺ ሁለቱንም ነው ያደረግሽው።

የልጆች እናት፦
ልጄ እኔ ስለ አስተጣጠቡ ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ስፒናች መሬት ጠጋ ብሎ ስለሚበቅል አሸዋ ይይዛል፣ በቧንቧ ስር እያገላበጡ ማጠብ አይበቃም። ትልቅ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተሽ ቅጠሉን ድፍቅ አድርጊው፣ በእጅሽ አማስለሽ ትንሽ ተይው፣ አሸዋው ወደ ታች ይወርዳል። ከዛ ቅጠሉን በእጅ አንስተሽ አውጪው፣ ውሃውን ከነቅጠሉ ማጥለያ ላይ እንዳትገለብጪው፣ ከገለበጥሽው ታች የተቀመጠው አሸዋ መልሶ ላዩ ላይ ይፈሳል። ጎድጓዳውን በእጅሽ ስትዳስሺው አሸዋ የሌለው እስኪሆን ድገሚው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ከዛ ንጹህ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ጠቅልለሽ ማድረቅ።

እና ስትገዢ ሁሉንም አጥበሽ ፍሪጅ አትክተቺ፣ እርጥበት ቶሎ ያበሰብሰዋል። የምትበዪውን ብቻ እጠቢ፣ የቀረውን በደረቅ ሶፍት ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ጠወለገ ብለሽም አትጣይው፣ መጠውለግና መበስበስ አንድ አይደለም፣ የጠወለገው በደንብ ይበስላል፣ የሚያሟልጨውንና የሚሸተውን ነው መጣል።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ጥርስ ላይ የሚሻክረው ነገር አሸዋ ላይሆን ይችላል፣ እናታችን እንዳሉት በደንብ ታጥቦም ስሜቱ ካለ ኦክሳሊክ አሲድ ነው። ስፒናች ውስጥ በብዛት አለ፣ አፍ ውስጥ ካልሲየም ሲያገኝ ጥቃቅን ክሪስታል ይሠራል፣ የሚሻክረው እሱ ነው። ለጥርስሽ አትስጊ። መቀነስ ከፈለግሽ ብዙ ፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ነከር አድርገሽ አውጥተሽ ውሃውን መድፋት ነው፣ ኦክሳሊኩ ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ስለ ቀለሙ ደግሞ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል መሀሉ ላይ ማግኒዢየም አለ፣ አሲድና ሙቀት አብረው ሲያገኙት ማግኒዢየሙ ይወጣና ቀለሙ ወደ አመድማ ቡኒ ይቀየራል። አንቺ ሎሚውን መጀመሪያ ጨምቀሽ ከደንሽው። ሎሚ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሳህን ላይ ነው። ግን ሎሚውን ጨርሰሽ አትተይው፣ የስፒናች ብረት ሰውነት በቀላሉ የማይወስደው ዓይነት ነው፣ ቫይታሚን ሲ አብሮ ሲገባ የተሻለ ይወሰዳል።

ፓስታ ወዳድ፦
ፓስታ ካለሽማ ለምን ትጨነቂያለሽ!! በሳምንት ሁለት ቀን የምበላውን ልንገርሽና ዛሬ ማታ ሥሪው። ለአንድ ሰው 100 ግራም ያህል ፓስታ ጨው ባለው ፈላ ውሃ ውስጥ ትጨምሪያለሽ። እሱ እየፈላ መጥበሻ ላይ በርከት ያለ ዘይት አድርገሽ ሦስት አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በስሱ ከትፈሽ ዘይቱ ገና ቀዝቃዛ እያለ ትከቺዋለሽ፣ እሳቱ ዝቅ ያለ ይሁን፣ እየሞቀ ሲሄድ ሽታው ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ዳር ዳሩ ወርቅማ ሲል አውርጂው ምክንያቱም ነጭ ሽንኩርት ቡናማ ከሆነ በኋላ ይመራል ያ መራራነት ደግሞ ምግቡን በሙሉ ነው የሚይዘው። ቃሪያ ከወደድሽ አብረሽ ጣል አድርጊ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ፓስታው ሊደርስ ግማሽ ደቂቃ ሲቀረው ከፓስታው ውሃ ግማሽ ስኒ ቀድተሽ አስቀምጪ፣ ከዛ የታጠበውን ስፒናች በሙሉ እዛው የፓስታው ድስት ውስጥ ክተቺውና አንዴ አማስለሽ ሁለቱንም አብረሽ አጥልይው። ሌላ ድስት አያስፈልግም፣ ስፒናቹ በዛው ውሃ ይበስላል። ማጥለያው ላይ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አድርጊው ውሃው እንዲወጣ። ከዛ ሁሉንም ወደ መጥበሻው መልሰሽ ያስቀመጥሽውን ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመርሽ በደንብ አገላብጪው፣ ውሃው ላይ የቀረው የፓስታው ስታርች ዘይቱን ይይዘውና ሶስ ይሆንልሻል፣ ያለዚያ ዘይቱ ለብቻው ሳህን ላይ ይቀራል። እሳት አጥፍተሽ ሎሚ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቺዝ ካለሽ ቺዝ። 20 ደቂቃ አይሞላም።

ምስር በየሳምንቱ፦
የምስር ክኩን አትርሽው። አንድ ስኒ ክክ በሦስት ስኒ ውሃ ቀቅይው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይፈርሳል። ቲማቲሙን ክኩ ከለሰለሰ በኋላ ነው የምትጨምሪው፣ አሲድ ቀድሞ ከገባ ክኩ ቶሎ አይለሰልስም። በመጥበሻው ላይ ደግሞ ሽንኩርቱን ሳትቸኩዪ አቁላይው፣ ቡናማ ሲል ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ጨምረሽ ሽታው ሲወጣ ክኩ ላይ ገልብጪው። ስፒናቹን ጥሬውን ጨፍጭፈሽ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ላይ ጨምሪው፣ ባለ አንድ መጥበሻ እንዳለው ውሃውን ክኩ ይጠጣዋል። በሩዝ ትበይዋለሽ። ሩዙ ራሱ ላይም መጨመር ትችያለሽ፣ ደርሶ እሳቱን ስታጠፊ የተከተፈውን ቅጠል ላዩ ላይ በትነሽ ከድነሽ አምስት ደቂቃ ተይው፣ በእንፋሎቱ ይበስላል ከዛ ማማሰል።

ድስት ቀያሪ፦
የመምህሩ ቀቅይው የሚለው ምክር ግን እኔን አይዋጥልኝም፣ ይቅርታ። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ማለት ቫይታሚን ሲውንና ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን አብሮ መድፋት ነው። መጥበሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ጠብሶ መብላት እያለ ለምን?

ጠጠር ያወጣሁት፦
ድስት ቀያሪ፣ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም ወንድሜ። እኔ የካልሲየም ኦክሳሌት፣ ማለትም ያው ኦክሳሊኩ ከካልሲየም ጋር ተያይዞ የሚሠራው፣ የኩላሊት ጠጠር ነበረብኝ፣ ያንን ሕመም ለጠላቴም አልመኝም፣ ሐኪሜ ቀንስ ካለኝ ምግቦች አንደኛው ስፒናች ነው። እኔ ስበላ አልፎ አልፎ ነው፣ ቀቅዬ ውሃውን ደፍቼ፣ ካልሲየም ካለው ነገር ጋር ማለትም ከእርጎ ወይ ከቺዝ ጋር፣ ምክንያቱም ኦክሳሌቱ ሆድ ውስጥ ከካልሲየም ጋር ከተያያዘ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ይቀንሳል። ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው እንደፈለገ ይጥበስ። ሌላ አንድ ነገር ደግሞ፣ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ስፒናች ቫይታሚን ኬ በጣም ስላለው አንድ ሳምንት ብዙ አንድ ሳምንት ምንም ማድረግ የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል፣ መጠኑን ሳይቀያይሩ ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ነው የሚበሉት።

ድስት ቀያሪ፦
እሺ ገባኝ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ።

ጀማሪዋ፦
ኧረ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ!! ማታ ፓስታውን ሠራሁት፣ ቀለሙ እንደ ገባ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ውሃም አልነበረውም፣ እህቴ ራሱ አንቺ ነሽ የሠራሽው ብላ ጠየቀችኝ። እማማ እንዳሉኝ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ የመጀመሪያው ውሃ ስር የነበረውን አሸዋ ሳይ ደነገጥኩ፣ እጅዎ ይባረክ። ግን ግማሹ ገና አለ፣ ነገ ማታ አልገባም። ፍሪዘር ውስጥ ዝም ብዬ ልክተተው? እና እንቁላሉን አሁንም መሞከር እፈልጋለሁ፣ ተሸንፌ መተው አልፈልግም።

የልጆች እናት፦
አሜን ልጄ፣ ያንቺም ይባረክ። ጥሬውን ፍሪዘር አትክተቺው፣ ጣዕሙም ቀለሙም ይሄዳል። ፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ፣ ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ማብሰሉ እንዲቆም፣ ከዛ በሁለት እጅሽ ጨምቀሽ ጨምቀሽ ድብልብል አድርጊው። እያንዳንዱ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ይሁን፣ በላስቲክ ለየብቻ ጠቅልለሽ ፍሪዘር። ለሾርባና ለምስር እንደቀዘቀዘ ይገባል፣ ለእንቁላል ግን አቅልጠሽ እንደገና መጭመቅ አለብሽ።

ባለ አንድ መጥበሻ፦
እንቁላሉ በሁለት መንገድ ነው። አንዱ፣ ስፒናቹን እንደነገርኩሽ ጠብሰሽ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ጨምቀሽ ጨፍጭፊው፣ እጅሽ ላይ ውሃ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ጭመቂ። መጥበሻውን በሶፍት ጠርገሽ በአዲስ ዘይት ወይም በቅቤ ስፒናቹን ግማሽ ደቂቃ አሙቂው፣ ሁለት የተመታ እንቁላል አፍስሽበት፣ እሳቱ ዝቅ ያለ፣ ገና ትንሽ እርጥብ እያለ አውርጂው ምክንያቱም እንቁላል ራሱም ከመጠን በላይ ሲበስል ውሃ ይተፋል።

ሁለተኛው ለሰነፍ ቀን ነው፣ ሽንኩርት አቁላልተሽ የታሸገውን ቲማቲም ጨምረሽ ወፈር እስኪል ተይው፣ ጥሬ ስፒናች ሁለት ጭብጥ ጨምረሽ ሲሟሽሽ በማንኪያ ጉድጓድ ጉድጓድ አድርገሽ እንቁላል ሰብረሽ ክተቺበት። እዚህ ጋ ግን ክዳን ያስፈልጋል፣ የእንቁላሉ ላይ እንዲበስል፣ አምስት ስድስት ደቂቃ። ቲማቲሙ አሲድ ስለሆነ ቅጠሉ ትንሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ፣ ጣዕሙ ላይ ምንም አያመጣም።

ፓስታ ወዳድ፦
ከተረፈሽ ደግሞ የጨመቅሽውን ስፒናች ከእርጎ፣ ከተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ደባልቂው፣ እሳት ላይ አይደለም በቀዝቃዛው፣ የፈላ ነገር ላይ እርጎ ከጨመርሽ ይቋጠራል። የበሰለ የተረፈ ስፒናች ጠረጴዛ ላይ አታሳድሪ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ፣ ከዛ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ መጨረስ ነው።

ጀማሪዋ፦
ድብልብሎቹን ሠራሁ፣ አራት ወጡልኝ ፍሪዘር ገብተዋል፣ ለነገ ጠዋት ደግሞ አንድ ጭብጥ ጥሬ አስቀርቻለሁ። ባለ አንድ መጥበሻ፣ ግንዱንስ ልጣለው ወይስ አብሮ ይበስላል?

ባለ አንድ መጥበሻ፦
ቀጭኑ ግንድ ከነቅጠሉ ይበላል፣ አትልፊ። ወፍራሙን ብቻ ቆርጠሽ ለይተሽ በደቃቁ ከትፊውና ከቅጠሉ አንድ ደቂቃ ቀድመሽ መጥበሻው ላይ ጨምሪው፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል እንዲያውም።